ከጽዋው በፊት የነበሩት ሰባት ዓመታት፦ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የመምህርና የደቀ መዝሙር ታሪክ

መግቢያ

የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን ስም የሰማ ሰው ስለ ጽዋው ሳይሰማ አይቀርም። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲያለቅስ የኖረ ልጅ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ሲለምን ጽዋዐ ልቡና ተሰጠው፤ ጠጣ፤ ልቡናው ተከፈተ፤ ከዚያም በኋላ በግእዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ደራስያን አንዱ ሆነ። ታሪኩ በቃል ሲነገርም ሆነ በጽሑፍ ሲጠቀስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከጽዋው ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን ከጽዋው በፊት የነበሩት ሰባት ዓመታት ናቸው። ልጁ አንዳች ሳይገባው በቆየባቸው በእነዚያ ዓመታት ማን አበላው? ማን አስጠጋው? ምን ሥራ ተሰጠው? ለምንስ ተባርሮ አልቀረም?

ጥያቄዎቹን የማነሣው ለገድል ጥናት ብቻ ብዬ አይደለም። አንድን ልጅ ከልጅነት አውጥቶ ለሙሉ ሰውነት የማብቃት ጉዳይ ዛሬ በብዙ ስም ይጠራል፤ የወጣቶች ልማት፣ የሕይወት ክህሎት፣ ምክርና ክትትል ይባላል። የሚቀርብልንም አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ እንደ መጣ አዲስ ጥበብ ሆኖ ነው። ሆኖም ከሐይቅ አንሥቶ እስከ ዓባይ ገደል በሚዘልቀው የወሎ ደጋ ይህንኑ ሥራ በራሱ መንገድ ሲሠራ የኖረ፣ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የሚቈጠር የመምህርና የደቀ መዝሙር ሥርዓት አለ። የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የዚህ ሥርዓት ዋና ጥንካሬ ብሩሃን ልጆችን መርጦ ማውጣቱ ሳይሆን የዘገየውን ልጅ ጊዜው እስኪደርስ ድረስ ይዞ ማቆየቱ ነው። ዛሬ ያጣነውም ይህንኑ ይመስለኛል።

1. አገሩና ስሞቹ

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ አገሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከደሴ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው በለጋምቦ ደጋ አድርጎ ወደ አማራ ሳይንትና ወደ ቦረና ይዘልቃል። የአምባ ፈሪት ተራራ ከባሕር ወለል ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በሰሜን የበሽሎ ሸለቆ፣ በምዕራብ ደግሞ ዓባይ ደጋውን ቈርጠውታል። በመካከለኛው ዘመን የቤተ አምሐራ ምድር የሚባለው ይኸው አካባቢ ነበር፤ ነገሥታቱም ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን እዚህ አሠርተዋል። አትሮንሰ ማርያም በዐፄ በእደ ማርያም (እ.ኤ.አ. 1468–1478) ስም ይታወቃል። መካነ ሥላሴን ዐፄ ናዖድ ጀምሮት ልጁ ልብነ ድንግል ፈጽሞታል። ጋሥጫ ደግሞ በቦረና የሚገኝ ገዳም ሲሆን፣ መሥራቹ ዐፄ ዓምደ ጽዮንን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) በጋብቻው ምክንያት ፊት ለፊት የገሠጸው አባ በጸሎተ ሚካኤል ነው።

የቦታ ስሞቹ ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። የቦረና ዋና ከተማ መካነ ሰላም ስሙ ግእዝ ነው። በለጋምቦ የሚገኘው ቱሉ አውሊያ ግን «ቱሉ» በሚለው የኦሮምኛ ቃል ኮረብታን፣ «አውሊያ» በሚለው የዐረብኛ ቃል ደግሞ ቅዱሳንን ያጣመረ ነው። ዛሬ ሁለቱ ከተሞች የአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ፣ ግቢዎች ይገኙባቸዋል። ግእዝ፣ ዐረብኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ደጋ ላይ ሲገናኙ ከመኖራቸው የተነሣ፣ ወጣትን የማሳደግ ልማድም የአንድ ሃይማኖት ብቻ ሆኖ አልቀረም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

2. የሐይቅ ጉባኤ

የሥርዓቱን ጅማሬ ለማየት ከደጋው ወደ ምሥራቅ ወረድ ብለን ሐይቅ እስጢፋኖስን መመልከት ይኖርብናል። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ እጅ ከተማረና ከመነኰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ የሐይቅ ገዳም አለቃ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1292 ገደማ እስኪያርፍ ድረስም እዚያው አስተማረ። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ታሪክ መጽሐፋቸው እንዳመለከቱት፣ ከኢየሱስ ሞዐ በፊት ከፍ ያለ ትምህርት የሚፈልግ የአምሐራ ወይም የሸዋ ልጅ እስከ ትግራይ ድረስ መጓዝ ነበረበት። የሐይቅ ጉባኤ ሲከፈት ትምህርቱ ወደ ልጆቹ ቀረበ።

ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመን ግን ከዚያ የወጡት ተማሪዎች ያደረጉት ነገር ነው። ከኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት ዝነኛው አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ዓመታት ከቆየ በኋላ ወደ መምህሩ ምንጭ፣ ወደ ደብረ ዳሞ፣ ሄደ። ኋላም ወደ ሸዋ ተመልሶ የደብረ አስቦን ገዳም መሠረተ፤ የዛሬው ደብረ ሊባኖስ ማለት ነው። ሌሎቹም እንዲሁ በየአቅጣጫው ተበትነው ገዳማትን መሠረቱ። ደቀ መዝሙር ሙሉ ሰው የሚባለው የተማረውን ይዞ በመምህሩ ጥላ ሥር ሲቀመጥ ሳይሆን፣ በሌላ ቦታ ለሌሎች ልጆች መምህር ሲሆን ነበር። ትምህርቱን መጨረስና ልጅነትን መጨረስ አንድ ሆነው የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ሁለቱም የሚረጋገጡት ሌላውን ተሸክሞ በመገኘት ነው።

3. ወፍጮው

ጊዮርጊስ ወደ ሐይቅ የገባው ኢየሱስ ሞዐ ካረፈ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በቤተ መንግሥቱ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የተማረ ካህን ነበር። የሊቅ ልጅ ሊቅ እንዲሆን መጠበቁ የታወቀ ነው፤ ልጁ ግን አልሆነለትም። ትውፊቱ እንደሚለው ሰባት ዓመት ሙሉ ቢማር ምንም አልገባው አለ። ገድሉን ዤራር ኮሊን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ግእዙን ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ስላሳተመው ለተመራማሪ የሚገኝ ሆኗል።

ትውፊቱ ከሚነግረን ውስጥ ሦስት ነጥቦችን ነጥዬ ላውጣ። መጀመሪያ፣ መምህሩ ተስፋ ቈረጠ። ይህ ልጅ ትምህርት አይሆንለትም ብሎ ወደ አባቱ መልሶ ላከው። ገድል ጸሐፊ የቅዱሱን መምህር ክብር ለመጠበቅ ሲል ይህን ሊያስቀረው ይችል ነበር፤ አለማስቀረቱ ለእኛ ትልቅ ምስክር ነው። ሁለተኛ፣ አባትየው ልጁን አልተቀበለም፤ አልጣለውምም። ለእግዚአብሔር የሰጠሁት ልጅ ነው፣ ባይማርም ገዳሙን ያገልግል በሚል ሐሳብ ወደ ሐይቅ መለሰው። በዚህ ውሳኔ ትምህርቱና ማኅበሩ ተለያዩ። ልጁ በትምህርቱ ቢወድቅም ከማኅበሩ አልወደቀም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ገዳሙ ሥራ ሰጠው። ሥራውም እህል መፍጨት ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ። ወፍጮ በአገራችን ልማድ የሴት ሥራ ተደርጎ የሚቈጠር፣ ክንድ የሚያዝል፣ ክብር የማይሰጠው ሥራ ነው። የቤተ መንግሥት ካህን ልጅ በወፍጮ ላይ ጐንበስ ብሎ መዋሉ ለጓደኞቹ መሳለቂያ ሳያደርገው አይቀርም። በሌላ በኩል ግን የሚፈጨው እህል የመነኰሳቱና የተማሪዎቹ እንጀራ ነበር። ማኅበሩ ያለዚያ ልጅ አይበላም። ፊደል ያልገባው ልጅ በማኅበሩ ዘንድ ትርፍ ሰው አልነበረም። ቀን ከወፍጮው አጠገብ ሲውል፣ ማታና ሌሊት ደግሞ የጸሎቱን ዜማና የንባቡን ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን የሰማ ጆሮ ባዶ ነበር ለማለት ይከብደኛል።

ጽዋው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ተአምሩን በአመክንዮ ለመተካት አልነሣም፤ የገድል አንባቢ ገድልን በራሱ ሕግ ማንበብ አለበት። የምለው፣ ትውፊቱ ራሱ ተአምሩን ያለ ዝግጅት አላመጣውም ነው። ጽዋው ሲመጣ ልጁ በቦታው ነበር። በቦታው እንዲገኝ ያደረጉት ደግሞ አንድ እልኸኛ አባት፣ አንድ ታጋሽ ማኅበርና አንድ ወፍጮ ናቸው።

የኋላውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጊዮርጊስ ሰዓታትን ደረሰ፤ ድርሰቱ ከግብፅ የመጣውን ሰዓታት ተክቶ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ይጸለይበታል። አርጋኖነ ውዳሴና ውዳሴ መስቀል በስሙ ይጠራሉ። መጽሐፈ ምሥጢርን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1424 ፈጸመ። ያዕቆብ በየነ ይህን ሰፊ ድርሰት ከኢጣልያንኛ ትርጉም ጋር አሳትመውታል። በመካከሉም በሃይማኖት ክርክር ተከስሶ እስከ መታሰር ደርሷል፤ ሕይወቱ ከጽዋው በኋላም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1425 ገደማ ሲያርፍ ስሙ ከቦረናው ጋሥጫ ጋር ለዘላለም ተሳሰረ። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ጸሎት በቃሉ መያዝ ያቃተው ልጅ፣ ሌሎች በየሰዓቱ በቃላቸው የሚይዙትን ጸሎት የደረሰ ሰው ሆኖ ተገኘ። በአሥራ ሁለት ወይም በአሥራ አምስት ዓመቱ ቢመዘን ኖሮ ምን ብለን እንጽፍበት ነበር?

4. መምህራን ሲያልቁ

ይህ ሥርዓት በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ መምህሩ በሕይወት መኖር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ወደ ቤተ አምሐራ ሲዘልቅ አትሮንሰ ማርያምና መካነ ሥላሴ ተቃጠሉ። ጦርነቱ እስከ 1543 ሲቀጥል የጠፋው ሕንፃና መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ብዙውን ነገር በቃሉ የያዘው መምህርም አብሮ አለቀ ወይም ተበተነ። በቃል የሚወርስ ትምህርት ከሆነ፣ አንድ ትውልድ መምህር ሲቋረጥ የሚቀጥለው ትውልድ ተማሪ ማን ይዞት ያድጋል?

መልሱ የመጣው ከዚሁ ደጋ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ (እ.ኤ.አ. 1540–1559) ከጦርነቱ በኋላ በአማራ ሳይንት ተድባበ ማርያምን አሠርቶ ሊቃውንትን ሰበሰበባት። የድጓውን ምልክት በሥርዓት ያስቀመጡት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዚህችው የተድባበ ማርያም ሊቃውንት እንደ ነበሩ ትውፊቱ ይናገራል። ከንባቡ በላይ በደቃቁ የሚጻፈው የዜማ ምልክት ብዙ ጊዜ እንደ ሙዚቃ ጥበብ ብቻ ይታያል። እኔ ግን ከወጣቱ ተማሪ አንጻርም ሊታይ ይገባዋል እላለሁ። ምልክቱ ድምፁ ሊጠፋ የተቃረበ መምህር ገና ላልመጣው ተማሪ ያስቀመጠው አደራ ነው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ይሁንና ጦርነቱና ምልክቱ በጊዜ መቀራረባቸው ለንባቡ መሠረት የሚሰጠው ይመስለኛል። ምልክቱ ግን መምህሩን አልተካውም። ድጓ ዛሬም ያለ መምህር አይዘለቅም። ስለዚህ ንጉሡ ያደረገውን ሁለቱንም ነገር አብረን መያዝ አለብን፤ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን የመምህራኑንም መቀመጫ አዘጋጅቷል።

5. የቆሎ ተማሪና ደረሳ

ከዚያ ዘመን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሥርዓቱ እንዴት ይሠራ እንደ ነበር አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው አላበዛም። ልጁ ፊደልና ንባብ ጨርሶ ዳዊት ከደገመ በኋላ፣ ቄስ መሆንን ወይም ሊቅነትን ከፈለገ ከአባቱ ቤት ይወጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ የማያውቀው አገር ይገባል። ከመምህሩ ደጅ አጠገብ ጎጆ ይቀልሳል። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል። ከወላጆቹ ርቆ፣ ከማያውቃቸው እናቶች እጅ በልቶ፣ ለመምህሩ ውኃ ቀድቶና እንጨት ለቅሞ ያድጋል። መምህሩን «የኔታ» ብሎ ሲጠራው የእኔ ጌታ ማለቱ ነው፤ በቃሉ ውስጥ ግን ከጌትነት ይልቅ አባትነት ይበዛል።

ለወጣት አስተዳደግ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች እዚህ ላይ ይታዩኛል። አንደኛው የመሰላሉ አሠራር ነው። የቅኔ ተማሪ ከሁለቱ ቤት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንቱ ቤት መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ዕድሜው አይጠየቅም፤ የሃያ ዓመቱ ጎረምሳ ከአሥር ዓመቱ ልጅ ጋር ጉባኤ ቃና ቢቈጥር ነውር የለበትም። ትናንት ጉባኤ ቃና የሞላለት ደግሞ ዛሬ ለአዲስ ገቡ ግሥ ያስጠናል። በመሆኑም ተማሪው ገና ተማሪ ሳለ መምህርነትን ይለማመዳል። ኃላፊነት የሚሰጠው ካደገ በኋላ አይደለም፤ የሚያድገው ኃላፊነቱ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚሰጠው ነው። ሁለተኛው የኅብረተሰቡ ድርሻ ነው። ቁራሽ የምትሰጠው እናት ተማሪውን አታውቀውም፤ ነገር ግን ልጁን እያሳደገች ነው። የአንድ ሊቅ ሥጋ ከብዙ ጓዳ በወጣ እንጀራ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በእስልምናውም በኩል ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የለጋምቦና የቦረና ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም እንደ መሆኑ፣ ይህን ትቶ ስለ ደጋው ወጣት መጻፍ ግማሽ ታሪክ መጻፍ ይሆናል። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት በ19ኛው መቶ ዓመት ስለ ወሎ እስልምና በሚያወሳ ጥናታቸው እንደሚያሳዩት፣ በምሥራቁ ደቡብ ወሎ ጀማ ንጉሥን የመሠረቱት ሼሕ ሙሐመድ ሻፊ እና እ.ኤ.አ. በ1863 ያረፉት የጌታው ሐጂ ቡሽራ የመንፈሳዊ ሕይወት መሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የተማሪ አሳዳጊዎችም ነበሩ። ደረሳው ፊቅህን ከአንዱ ዓሊም፣ ነሕውን ከሌላው እየቀሰመ ከቀየ ወደ ቀየ ይዞራል። ሰው ያበላዋል። ኪታቡን ሲጨርስ መምህሩ ኢጃዛ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፣ ይሰጠዋል። ያንን የተቀበለ ደረሳ ወንበር ዘርግቶ ሌሎችን ያስተምራል። በዐረብኛ ፊደል የተጻፉት የአማርኛ መንዙማዎችም ያደጉት በዚሁ የመምህርና የደረሳ ግንኙነት ውስጥ ነው። የቆሎ ተማሪውና ደረሳው የተለያየ መጽሐፍ ተሸክመው በአንድ መንገድ ሲተላለፉ የኖሩ የአንድ አገር ልጆች ናቸው።

6. ሥርዓቱ ያስከፈለው ዋጋ

ይህን ሁሉ ስጽፍ ያለፈውን ዘመን ለማቈንጀት አይደለም። የቆሎ ተማሪነት ረኃብ፣ ዕከክና የውሻ ንክሻ ነበረው። ግርፋቱ የበዛ ነበር፤ እንዳይጠፋ እግሩ በሰንሰለት የታሰረ ተማሪም ነበር። ብዙዎች በመንገድ ቀርተዋል። ጊዮርጊስን የምናውቀው ስለ ተሳካለት ነው፤ ጽዋው ያልደረሳቸውን ስም የጻፈ የለም።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉድለት ደግሞ ሥርዓቱ ለሴት ልጅ በሩን መዝጋቱ ነው። ወንድሟ ደበሎ ለብሶ ሲወጣ እርሷ የምትሻገረው በጋብቻ ነበር፤ ያውም ብዙ ጊዜ በልጅነቷ። ከደጋው ወጣ ብለን ብናይ የምናገኘው ምሳሌ ጥቂት ነው። በጎጃም የጽላሎዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዐይነ ስውር ሆነው ሳለ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው የታወቁ የቅኔ መምህር ሆነዋል። የእርሳቸው ታሪክ የሚያስረዳው አንድ አባት በሩን ሲከፍት ምን ሊሆን እንደሚችል ነው። በተዘጋባቸው በሺህ የሚቈጠሩ ሴቶች ምን እንዳጣን ግን መገመት እንኳ ያዳግታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። እህል ፈጭቶ ሊቅ የሆነውን ልጅ ስናደንቅ፣ ዕድሜ ልኳን ፈጭታ ማንም ወደ ጉባኤ ያልጠራትንም ማሰብ ተገቢ ነው።

7. የዛሬው መሻገሪያ

አሁን ወደ ዛሬ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ስለ ፈተናው ጥራትና ስለ ትምህርቱ መውደቅ ብዙ ተብሏል። በዚህ ጽሑፍ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ያላለፈው ልጅ በማግሥቱ የማን ልጅ ነው? ትምህርት ቤቱ ከመዝገቡ ፍቆታል፤ ዩኒቨርሲቲው አልተቀበለውም፤ ወላጆቹ ደግሞ አሥራ ሁለት ዓመት ከእርሻና ከመንጋ ለይተውታል። ጊዮርጊስ ሲወድቅ ወፍጮ ተሰጠው። የዛሬው ልጅ ሲወድቅ የሚሰጠው ውጤቱ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው።

ለብዙ የደቡብ ወሎ ወጣት የቀረው መሻገሪያ መንገድ ነው፤ ወደ ደሴ፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በጂቡቲና በየመን አድርጎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ። በዚያ ባሕር ላይ ስንት የወሎ ልጅ እንደ ቀረ የየመንደሩ ለቅሶ ይናገራል። በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ደሴ ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተው ቆይተዋል። መጻሕፍትን እንደገና ማሳተም፣ ሕንፃንም እንደገና መሥራት ይቻላል። የተበተነ መምህርንና በዚያ መካከል ጎረምሳ ሆኖ ያለፈን ልጅ መልሶ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ከ1531 በኋላ የነበሩት ሰዎች ይህን ስለ ተረዱ ይመስለኛል መምህራኑን ከመሰብሰብ የጀመሩት።

ምንም አልተሠራም ለማለት አልደፍርም። ፈተናውን ያላለፉ ተማሪዎች ተጨማሪ ዓመት ተሰጥቷቸው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲከታተሉ መደረጉ፣ የዘገየን ልጅ ይዞ የማቆየት ሐሳብ ወደ ዘመናዊው ትምህርትም መግባት መጀመሩን ያሳያል። ችግሩ ዕድሉ የተሰጠው ወደ ማለፊያው ለተጠጉት ብቻ መሆኑ ነው። በሥርዓቱ ውስጥ ሰባት ዓመት ምንም ላልገባው ልጅ ቦታ የለም። እንዲያውም አንድ ዓመት የምንታገሠው በጭንቅ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትነው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ይዘን መውጣት የምንችል ይመስለኛል። አንደኛ፣ ልጅን ከማኅበሩ ሳያወጡ ከትምህርቱ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ሕዝበ ጽዮን ያደረገው ይህን ነው። ሁለተኛ፣ ወጣት ኃላፊነትን የሚማረው ከእርሱ የሚያንስ ተማሪ ሲሰጠው ነው፤ የቅኔ ቤቱና የዓሊሙ ወንበር ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። ሦስተኛ፣ አሳዳጊ የሚባለው መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ቁራሽ የሚሰጠው ጎረቤትም አሳዳጊ ነው። እነዚህን ሦስቱን ከቆሎ ተማሪው ረኃብና ሰንሰለት ለይቶ፣ ለሴቷም ልጅ ከፍቶ፣ በዛሬው ትምህርት ቤት ውስጥ ማስገባት የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ አይደለም። በመካነ ሰላም ግቢ የሚማር አንድ ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ከከተማው ልጆች አንዱን ቢያስጠና፣ ፈተና ያላለፈውም ልጅ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ ለታናናሾቹ ንባብ እያስጠና ለሁለተኛ ዙር ቢዘጋጅ፣ ሥርዓቱ ለአካባቢው ሰው እንግዳ አይሆንበትም።

ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች የሚቀርበን ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ገድላቱን የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ ለነገሥታት ታሪክ፣ ለሃይማኖት ክርክር ወይም ለቋንቋው ስንል ነው። ልጅ እንዴት ሰው እንደሚሆን የሚተርኩ መጻሕፍት አድርገን ያነበብናቸው ጥቂት ነው። ከገድላቱ ባሻገርም በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ በየጎጆው በር ላይ ያሉ አረጋውያን የኔታዎችና ሼሖች አሉ። ስለ ሊቅነታቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ዘገዩባቸው ዓመታት፣ ስላበሏቸው ቤቶችና ሊያባርሯቸው ብለው ስለ ተዉአቸው መምህራን ጠይቀን ብንመዘግብ፣ ለሚቀጥለው ትውልድ ተመራማሪ ከምንተውለት ጽሑፍ ሁሉ የሚሻለው ይኸው ይመስለኛል። አረጋውያኑ በየዓመቱ እያነሱ ስለሆነ ሥራው ከዚህ በላይ ሊዘገይ አይገባም።